ለጭነት ፒክ አፕ መኪና ጎማና ቸርኬ ስለ መምረጥ

የፒክ አፕ መኪና ባለቤት አዲስ ጎማና ቸርኬ ሊገዛ ወደ መለዋወጫ መደብር በገባ ጊዜ አስቀድሞ የሚጠይቀው ዋጋውን ነው፤ ቀጥሎም ዓይኑን የሚጥለው በመልኩ ላይ ነው። መኪናው ስንት ኩንታል እንደሚጭን፣ በየትኛው መንገድ እንደሚመላለስ፣ ያረጀው ጎማም በምን ምክንያት እንዳለቀ ሳይጠየቅ የሚናገር ደንበኛ ጥቂት ነው። ይህን ጠይቆ መረዳት የባለመደብሩ ድርሻ ነው። ባለመደብሩ ደግሞ በመደርደሪያው ላይ ያለውን ብቻ ስለሚሸጥ፣ የነገሩ ሁሉ መነሻ አስመጪው ትእዛዙን የጻፈበት ቀን ነው። በፕሮፎርማው ላይ አንዲት ቁጥር የተሳሳተች እንደሆነ፣ ዕቃው ባሕር ተሻግሮ፣ ከጅቡቲ ተጭኖ፣ ቀረጥም ተከፍሎበት መጋዘን ከገባ በኋላ የሚገጥመው መኪና ሳያገኝ ሊቀር ይችላል።

የብር የምንዛሪ ዋጋ ከሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. ጀምሮ በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ ወዲህ የዚህ ዓይነቱ ስሕተት ዋጋ ከፍ ብሏል፤ ለአንዱ ዶላር የሚከፈለው ብር በዝቷልና። ነገሩ አስመጪውንና ባለሱቁን ብቻ የሚመለከት የሚመስለው ላኪ ቢኖር፣ እሸት ቡና ከገበሬው ደጅ እስከ መፈልፈያ ጣቢያ ብዙ ጊዜ የሚጓዘው በፒክ አፕ ጀርባ መሆኑን ያስታውስ። እሸቱ በዚያው ቀን ካልተፈለፈለ ጥራቱ ይቀንሳል። ከመንገድ ላይ በፈነዳ አንድ ጎማ ምክንያት ሳይፈለፈል ያደረ ቡና፣ በጨረታው ቀን የሚያጎድለው ገንዘብ ከጎማው ዋጋ ይበልጣል።

ስለ ከባድ ፒክ አፕ ሲነገር በአሜሪካ አገር የሚታሰቡት እንደ ፎርድ ኤፍ 250፣ እንደ ራም 2500፣ እንደ ሼቭሮሌ ሲልቨራዶ 2500 ያሉት በስምንት ቡሎን የሚታሰሩት ናቸው። በእኛ አገር ግን ከባዱን ሥራ የሚሠራው ቶዮታ ላንድክሩዘር 79 ነው፤ ከእርሱም ጋር ሃይሉክስ፣ አይሱዙ ዲ ማክስ፣ ፎርድ ሬንጀርና ሚትሱቢሺ ኤል 200 ይገኛሉ። እነዚህ ሁሉ በገዢው አፍ «ፒክ አፕ» ተብለው ቢጠሩም ቸርኬያቸው አንድ አይደለም። ላንድክሩዘሩ ከ1999 እ.ኤ.አ. ወዲህ በአምስት ቡሎን የሚታሰር ሲሆን፣ የቡሎኖቹ ክብ 150 ሚሊሜትር ነው። ሃይሉክስ በስድስት ቡሎን በ139.7 ሚሊሜትር ክብ ይታሰራል። አሜሪካኖቹም ቢሆኑ እርስ በርሳቸው አይገጥሙም፤ የፎርዱ 8 በ170፣ የራሙ 8 በ165.1፣ የሼቭሮሌውም ከ2011 እ.ኤ.አ. ወዲህ 8 በ180 ነውና።

እስከዚህ ያለውን ብዙ ነጋዴ ያውቀዋል። ገንዘብ የሚበላው ስሕተት ያለው ከቡሎኑ ቀዳዳ ሳይሆን ከመካከለኛው ቀዳዳ ላይ ነው። ሃይሉክስም፣ ሬንጀርም፣ ኤል 200ም ሦስቱም ስድስት ቡሎን በ139.7 ናቸው፤ በወረቀት ላይ ለተመለከታቸው ሰው አንድ ዕቃ ይመስላሉ። ነገር ግን የቸርኬው መካከለኛ ቀዳዳ በሃይሉክስ 106.1፣ በሬንጀር 93.1፣ በኤል 200 ደግሞ 67.1 ሚሊሜትር ነው። ስለዚህ ለሚትሱቢሺ የተሠራው ቸርኬ በቶዮታው ላይ ከቶ አይገባም። ለቶዮታ የተሠራው በሚትሱቢሺው ላይ ይገባል፤ ይሁን እንጂ መካከሉ ሰፊ ስለሆነ ክብደቱን የሚሸከሙት ቡሎኖቹ ብቻ ይሆናሉ፤ በትክክልም ካልተማከለ መኪናው ሲሮጥ መሪው ይንቀጠቀጣል። ይህን ለማረም የመሐል ቀለበት የሚባል ዕቃ አለ፤ አብሮ ያልታዘዘ እንደሆነ ግን ደንበኛው ከነቅሬታው ተመልሶ ይመጣል። አስመጪ «ባለ ስድስት ቀዳዳ፣ 17 ኢንች» ብሎ ብቻ ማዘዝ የለበትም፤ የቡሎኑን ክብ፣ የመካከለኛውን ቀዳዳ፣ የቸርኬውን ስፋት፣ ኦፍሴቱንና የሚሸከመውን ክብደት አምስቱንም በጽሑፍ ያስፍር።

ዳዶውም ትንሽ ነገር መስሎ የሚታለፍ ነው። ቶዮታ ከፋብሪካ በሚያወጣው የአሉሚንየም ቸርኬ ላይ ብዙ ጊዜ የሚገጠመው አንገት ያለውና ከሥሩ ጠፍጣፋ ቀለበት የያዘ ዳዶ ነው። ከሌላ ፋብሪካ የሚመጡት ቸርኬዎች አብዛኛዎቹ የሚፈልጉት ግን አፉ የሾጠጠውን፣ 60 ዲግሪ የሆነውን ዳዶ ነው። ጠፍጣፋው ዳዶ በሾጣጣው መቀመጫ ላይ የታሰረ እንደሆነ፣ ለእጅ የጠበቀ መስሎ ይሰማል እንጂ በትክክል አልተቀመጠም፤ ጥቂት ኪሎሜትር በኮረኮንች ላይ ከሄደ በኋላ ይላላል። ጎማው በጉዞ ላይ ተነቅሎ የሚሄደው በዚህ ዓይነት ነው። ቸርኬ የሚሸጥ መደብር የሚስማማውን ዳዶ አብሮ ይሽጥ፤ ዳዶውን ለብቻው ልግዛ ባይን ደንበኛም የትኛውን ቸርኬ እንደያዘ ይጠይቀው። አዲስ የታሰረ ቸርኬ ከ50 እስከ 100 ኪሎሜትር ከተሄደበት በኋላ እንደገና መጥበቅ እንዳለበት ለገዢው መንገርም የሽያጩ ክፍል ነው።

ኦፍሴት የሚባለው፣ ቸርኬው ከመኪናው ጋር የሚገናኝበት ፊት ከቸርኬው ወርድ እኩሌታ ምን ያህል ወደ ውጭ ወይም ወደ ውስጥ እንደራቀ የሚነግር ልክ ነው፤ በሚሊሜትርም ይጻፋል። ወጣቶች «ወጣ ያለ» የሚሉት ቸርኬ ይህ ልክ ያነሰ፣ እንዲያውም ከዜሮ በታች የወረደ ነው። በቁጥር ቢታይ ይሻላል። ወርዱ 7.5 ኢንች፣ ኦፍሴቱ 30 የነበረውን ቸርኬ አውልቆ ወርዱ 9 ኢንች፣ ኦፍሴቱ ከዜሮ በታች 12 የሆነውን የሚገጥም ሰው፣ የቸርኬውን የውጭ ጠርዝ 61 ሚሊሜትር ያህል ወደ ውጭ ያወጣዋል፤ 42ቱ ከኦፍሴቱ፣ 19ኙ ከወርዱ የመጣ ነው። ባዶ መኪና ለሽርሽር ሲነዳ ይህ ያምራል። ጭነት በተጫነ ጊዜ ግን ክብደቱ በኩሽኔታው ላይ ከተሠራለት ቦታ ርቆ ስለሚያርፍ ኩሽኔታው ቶሎ ይበላል፤ መሪው ይከብዳል፤ ጎማው በሚታጠፍበት ጊዜ ፓራፋንጎውን ይፍቃል፤ ጭቃውም በሙሉ በመኪናው ጎን ላይ ይለጠፋል። ከ2007 እ.ኤ.አ. ወዲህ የወጣው ላንድክሩዘር 79 የፊት ጎማዎቹ ከኋላዎቹ ይልቅ ተራርቀው የቆሙ ስለሆነ፣ ይህን ለማስተካከል ብለው በኋላ በኩል ማስፊያ የሚያስገቡ ባለቤቶች አሉ። ለሥራ መኪና ማስፊያ ከመሸጥ፣ ለኋላው የተለየ ኦፍሴት ያለውን ቸርኬ ማምጣት የተሻለ ነው። ሁለት ዓይነት ቸርኬ በመጋዘን ማስቀመጥ ግን ገንዘብ ማሰር ስለሆነ፣ ሁሉም አስመጪ ይህን ያደርጋል ተብሎ አይጠበቅም።

ቸርኬ የሚሸከመው ክብደት በጀርባው ላይ በኪሎግራም ወይም በፓውንድ ተቀርጾ ይገኛል። ይህ ቁጥር የሌለበትን ቸርኬ ለጭነት መኪና መሸጥ ተገቢ አይደለም። በጃፓን ደንብ የተሠሩት «ጄ.ደብልዩ.ኤል.» የሚል ምልክት አላቸው፤ ከምልክቱ በኋላ «ቲ» የሚለው ፊደል የተጨመረበት ለጭነት መኪናና ለአውቶቡስ የታሰበው ነው። ለቤት መኪና የተሠራ ቸርኬ የቀዳዳው ቁጥር ስለ ገጠመ ብቻ በፒክ አፕ ላይ ሲታሰር፣ ስንጥቁ የሚጀምረው ከማይታየው ከውስጥ በኩል ነው። ምልክቱን አስመስሎ መቅረጽ ቀላል መሆኑም መታወቅ አለበት፤ ስለዚህ አስመጪው ከምልክቱ ጋር የፈተናውን የምስክር ወረቀት ከፋብሪካው ይጠይቅ። ከብረትና ከአሉሚንየም የትኛው ይሻላል የሚለው ጥያቄ መልሱ እንደ መንገዱ ነው። የብረቱ ከባድ ነው፤ ነገር ግን ድንጋይ ሲመታው ይጎብጣል እንጂ አይሰበርም፤ በትንሽ ከተማ ያለ ጎሚስታም በመዶሻ ያቃናዋል። አሉሚንየሙ ቀላልና መልከ መልካም ነው፤ ከባድ ጉድጓድ ሲያገኘው ግን ሊሰነጠቅ ይችላል፤ የተሰነጠቀውንም በየመንገዱ ዳር ማስበየድ አደገኛ ነው።

አሁን ወደ ጎማው እንለፍ። በጎማው ጎን ከልኩ ቀጥሎ የሚጻፈው ቁጥር የሸክሙን መጠን የሚያመለክት ነው። 112 ማለት 1,120 ኪሎግራም፣ 116 ማለት 1,250፣ 121 ማለት 1,450፣ 123 ማለት 1,550 ኪሎግራም ነው። ቁጥሩ 121/118 ተብሎ በእጥፍ የተጻፈ እንደሆነ፣ የመጀመሪያው ጎማው ነጠላ ሲሆን፣ ሁለተኛው ጥንድ ሆኖ ሲታሰር የሚሸከመው ነው። እንግዲህ ባዶውን ሳለ በኋላ አክስሉ 800 ኪሎ ያህል የሚያርፍበት፣ አሥር ኩንታል እንዲጭን የተሠራ ፒክ አፕ ይታሰብ። ባለቤቱ አሥራ አምስት ኩንታል ጫነበት፤ ይህም የሚሆን ነገር ነው። ከዚህ ጭነት 1,400 ኪሎ ያህሉ በኋላው ላይ ቢያርፍ፣ ሁለቱ የኋላ ጎማዎች 2,200 ኪሎ ይሸከማሉ፤ ለአንዱ 1,100 ኪሎ ይደርሰዋል። 112 የተጻፈበት ጎማ በቆመበት ቦታ ብቻ ሊሸከመው ጥቂት ቀረው ማለት ነው፤ ጉድጓዱና ፍሬኑ ገና አልተቈጠሩም። ያም ጎማ ለቤት መኪና በተሠራው ዓይነት የሆነ እንደሆነ፣ የአሜሪካ የጎማ ደንብ በጭነት መኪና ላይ ሲታሰር አቅሙ በ1.1 ተካፍሎ እንዲቀነስ ያዛል፤ 1,120 የነበረው 1,018 ይሆናል። በዚህ ስሌት ጎማው ከመነሻው አልቻለም። ለእንዲህ ያለው ሥራ 121 ወይም 123 ያለበት፣ በልኩ መጀመሪያ ላይ «ኤል ቲ» የሚሉ ፊደላት የተጻፉበት ጎማ ያስፈልጋል።

በፊደል ረገድ ነጋዴዎችን የሚያሳስት አንድ ነገር አለ። በአውሮፓ አሠራር በልኩ መጨረሻ ላይ የሚገባው «ሲ» የጭነት መኪና ጎማ መሆኑን ብቻ የሚነግር ነው። በአሜሪካ አሠራር ግን «ሎድ ሬንጅ ሲ» ማለት የስድስት ንብርብር ያህል ጥንካሬ ነው፤ ከእርሱ በላይ ዲ ስምንት፣ ኢ ደግሞ አሥር ናቸው። ሁለቱ «ሲ»ዎች አንድ አይደሉም። ሻጩም ገዢውም ፊደሉን ትቶ የሸክሙን ቁጥር ያንብብ።

ጠንካራ ጎማ ገዝቶ በቀድሞው አየር መንዳት ሌላው ስሕተት ነው። «ኤል ቲ» ጎማ የተጻፈለትን ሸክም የሚሸከመው የተወሰነለት አየር ሲሞላ ነው፤ «ኢ» ለሆነው ይህ መጠን ብዙውን ጊዜ 80 ፒ.ኤስ.አይ. ነው። ለቀድሞው ጎማ 36 ይሞላ የነበረ ሾፌር በአዲሱም 36 ከሞላ፣ የገዛው ጥንካሬ አይሠራለትም፤ ጎማው ይሞቃል፤ ጎኑ ይታጠፋል፤ በመጨረሻም ይፈነዳል። ባለመደብሩም «ጎማህ የማይረባ ነው» ይባላል። ስለዚህ ለየጭነቱ የሚገባውን አየር የሚያሳየውን የፋብሪካውን ሠንጠረዥ አስመጪው አብሮ አስመጥቶ፣ በአማርኛ አስጽፎ በመደብሩ ግድግዳ ላይ ቢያስለጥፍ መልካም ነው። ቸርኬውም ይህን አየር የሚችል መሆን አለበት።

ከአዲስ አበባ ወደ ጅቡቲ የሚወርድ ሾፌር ስለ አየር የሚያነሣው ክርክር አለ፤ አንዱ ቆላው ስለሚያሞቀው አየር መቀነስ ያስፈልጋል ይላል፤ ሌላው አያስፈልግም ይላል። በ15 ዲግሪ ሙቀት አዲስ አበባ ላይ 50 ፒ.ኤስ.አይ. የተሞላ ጎማ፣ ጅቡቲ ወርዶ በ35 ዲግሪ ቆሞ ቢለካ አሁንም 50 ያህል ያነብባል። ሙቀቱ የሚጨምረውን፣ ዝቅተኛው አገር ያለው ከባድ የከባቢ አየር ግፊት በመለኪያው ላይ ይቀንሰዋልና። ይህ ስሌት በቆመ ጎማ እንጂ ሲነዳ በሞቀ ጎማ ላይ አይደለም። ሾፌሩ አየሩን ማለዳ፣ ጎማው ሳይሞቅ ይለካ፤ በመንገድ ላይ ሞቆ ከፍ ሲል ግን አያስተንፍስ።

የጎማ ከፍታ ሲለወጥ የፍጥነት መቁጠሪያውም ይዋሻል። 265/65 አር 17 የሆነው ጎማ ከፍታው 776 ሚሊሜትር፣ 265/70 አር 17 የሆነው ደግሞ 803 ሚሊሜትር ያህል ነው። ልዩነቱ ከመቶ 3.4 ነው፤ መቁጠሪያው 100 ሲል መኪናው 103 ኪሎሜትር ተኩል ገደማ ይሮጣል ማለት ነው። ይህን ያህሉ ብዙ አይጎዳም። ከዚህ የበለጠ ከፍ ያለ ጎማ ግን ሞተሩን ያደክማል፤ ነዳጅ ይጨምራል፤ ፍሬኑንም ያሰንፋል።

ጥርሱን በተመለከተ፣ የጭቃው ጎማ ዛሬ በጣም ይፈለጋል፤ ምክንያቱም አስፈሪ መልክ አለው። በእውነተኛ ጭቃ ለሚኖር ሰው ይገባዋል። ከሳምንቱ አምስቱን ቀን በአስፋልት ለሚሮጥ ግን ይጮኻል፤ ቶሎ ያልቃል፤ በዝናብ ጊዜም ፍሬን ሲያዝ ከሌላው ዘግይቶ ይቆማል። ለአብዛኛው የጭነት ፒክ አፕ የሚስማማው ለአስፋልትም ለጥርጊያም የተሠራው መካከለኛው ጥርስ ነው።

የጎማውን ዕድሜ የሚነግሩት «ዲ.ኦ.ቲ.» ከሚሉት ፊደላት በኋላ በሚመጣው መስመር መጨረሻ ላይ ያሉት አራት ቁጥሮች ናቸው። 2319 ማለት በ2019 እ.ኤ.አ. በ23ኛው ሳምንት የተሠራ ማለት ነው፤ በእኛ አቈጣጠር በ2011 ዓ.ም. ግንቦት መጨረሻና ሰኔ መጀመሪያ ላይ ነው። ቁጥሩን በእኛ አቈጣጠር የሚያነብብ ገዢ፣ ጎማውን ገና ወደፊት የሚሠራ አስመስሎ ሊያየው ይችላል። ብዙ የመኪና ፋብሪካዎች ስድስት ዓመት የሞላው ጎማ እንዲለወጥ ይመክራሉ፤ የጎማ ፋብሪካዎች ደግሞ ጥርሱ ባያልቅም ከአሥር ዓመት በላይ እንዳይቆይ ያሳስባሉ። በቅናሽ ዋጋ የሚቀርብ ጎማ ሲገኝ አስመጪው የሥራ ዘመኑን በውሉ ላይ ያስገባ፤ ለምሳሌ «ዕቃው በተጫነበት ቀን ከስድስት ወር ያልበለጠው» ብሎ መጻፍ ይቻላል። ርካሽነቱ ከእርጅናው የመጣ ሊሆን ይችላልና።

ከዚህ ሁሉ የሚከብደው የሰው ሕይወት ጉዳይ ነው። በላንድክሩዘር ላይ የሚገኘው 7.50 አር 16 ጎማ ብዙ ጊዜ የሚታሰረው ቀለበት ባለው፣ ተከፋች በሆነ ቸርኬ ላይ ነው። ቀለበቱ የዛገ፣ የጎበጠ፣ ወይም ከሌላ ቸርኬ የመጣ እንደሆነ፣ አየር በሚሞላበት ጊዜ እንደ ጥይት ተፈናጥሮ ይወጣል። በላዩ ጎንበስ ብሎ የሚሞላው ደግሞ ብዙ ጊዜ የጎሚስታው ረዳት የሆነ ልጅ ነው። እንዲህ ያለው ቸርኬ በብረት ሳጥን ውስጥ ተደርጎ፣ በረዥም ቱቦ ከሩቅ ይሞላ። በአሜሪካም በቀድሞ ዘመን ለፒክ አፕ የ16.5 ኢንች ቸርኬ ይሠራ ስለ ነበረ፣ የ16 ኢንች ጎማ በእርሱ ላይ በግድ ሲሞላ እየፈነዳ ሰዎችን ገድሏል። ያገለገለ ቸርኬ ከውጭ የሚያመጣ ነጋዴ በቸርኬው ላይ የተቀረጸውን ልክ ሳያነብብ አይሽጥ። ቀለበት የሌለውን ቱብለስ ቸርኬ ለላንድክሩዘር ማምጣት የሚመሰገነው አንዱ በዚህ ምክንያት ነው።

ምን ያህልና የትኛውን ልክ ማከማቸት ይገባል ለሚለው፣ የአዲስ አበባ ገበያ ብቻውን መለኪያ አይሆንም። በሶማሌ ተራ የ20 ኢንች ቸርኬ ቶሎ ሊሸጥ ይችላል፤ ነገር ግን የጂንካው ወይም የሁመራው ደንበኛ ጎማው ሲቀደድበት የ20 ኢንች ጎማ ከየት ያገኛል? በየወረዳው የሚገኘው የ16 ኢንች ነው፤ 17ም እየተለመደ ነው። ዝቅ ያለ ጎን ያለው ሰፊ ጎማ በኮረኮንች ላይ ቸርኬውን ከድንጋይ አያድነውም። ለጭነት የሚሠራ ደንበኛ ከልኩ ወጥቶ ሲጠይቅ ባለመደብሩ ይህን ቢነግረው፣ ያን ቀን የሚያጣው ትርፍ ቢኖርም ደንበኛው ይመለስለታል።

አስመጪው ሲያዝ ደግሞ በአምስት አምስት ይቍጠር እንጂ በአራት አራት አይቍጠር። አራት ቸርኬና ጎማ ገዝቶ የቀድሞውን ትንሽ ጎማ በስኮርትነት የሚይዝ ሾፌር፣ መንገድ ላይ በለወጠ ጊዜ በአንዱ አክስል ላይ ሁለት ዓይነት ከፍታ ያስራል፤ ይህም ረዥም መንገድ ሲሄድበት ዲፈረንሻሉን ያሞቀዋል። አምስተኛውን የማይገዛ ቢኖር እንኳ፣ ለአሮጌው የብረት ስኮርት የሚስማማውን ስድስት ወይም አምስት ዳዶ በከረጢት ቋጥሮ ከክሪኩ ጋር ማስቀመጥ ይበቃዋል።